አምስት ሴንቲ ሜትር

ስለ ሽንት ቤት መጻፍ ነውር ነው ብላችሁ የምታምኑ አንባቢያን፣ ይህችን ጽሑፍ እዚህ ላይ ብትተዉአት አልቀየማችሁም። እኔም እስከ አምና ድረስ ከእናንተ ወገን ነበርሁ። ግጥም ስሞካክር ስለ ዝናብ፣ ስለ ትዝታ፣ ስለ ምሽት ጀንበር እጽፍ ነበር እንጂ ብዕሬን ወደዚያች ጠባብ ክፍል አዙሬ አላውቅም። ቀን ቀን የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የስንኝ ቀለም እቆጥራለሁ። መቁጠር ሥራዬም ሱሴም ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን እያየሁ ስላለፍኋት አንዲት ጉድለት ነው። መጠኗ አምስት ሴንቲ ሜትር ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ እናቴ ደሴ በሚገኘው ቤቷ ደጃፍ አንሸራቷት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። አዲስ አበባ አምጥተናት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከሆስፒታል ልትወጣ ሦስት ቀን ሲቀራት ሐኪሙ ወደ ጥግ ወስዶ ብዙ ነገር መከረኝ፤ ከምክሩ ሁሉ በአእምሮዬ ተቸንክሮ የቀረው ግን የመጨረሻው ነበር።

‹‹ለጊዜው ቁጢጥ ማለት ፈጽሞ አይችሉም። ዝቅ ያለ ነገር ላይም እንዳይቀመጡ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ማለት የለበትም። የቤታችሁ ሽንት ቤት እንዴት ያለ ነው?››

እንዴት ያለ ነው? ስድስት ዓመት የኖርሁበት ቤት ነው። በባንኩ የሠራተኛ ብድር የገዛሁት፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ። በየቀኑ የምጠቀምበትን ነገር ግን እንዴት ያለ እንደ ሆነ መናገር አቃተኝ። ያን ማታ ገብቼ በሜትር ለካሁት። ከወለሉ እስከ መቀመጫው 38 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ በዚያ ላይ ጠርዙ ተሰንጥቋል። እናቴ ረጅም ሴት ናት።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወዳሉት የሳኒተሪ ዕቃ መደብሮች ሄድሁ። ሰው ከሞላ ዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ሳያስበው የኖረውን ዕቃ በመቶ ዓይነት ተደርድሮ ሲያገኘው ግራ ይጋባል። ነጩ፣ ክሬሙ፣ ባለ አበባው፣ ክዳኑ ቀስ ብሎ የሚዘጋው… ነጋዴው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ‹‹ፒ ነው ኤስ?›› አልገባኝም። አስረዳኝ። አንዱ ዓይነት ቆሻሻውን ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ይገፋል፤ ‹ፒ› የሚባለው እርሱ ነው። ሌላው ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ይለቅቃል፤ እርሱ ደግሞ ‹ኤስ› ነው። ስማቸው የመጣው በሆዳቸው ካለው የቧንቧ ጥምዝ ነው፤ ጥምዙ እነዚያን የላቲን ፊደላት ይመስላል። በኋላ እንዳነበብሁት፣ ለንደን ይሠራ የነበረ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ የ‹ኤስ› ቅርጽ ጥምዝ ላለው ሽንት ቤት የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው። በጥምዙ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ አቁሮ ይቀራል። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላት ያች ውሃ ናት የከተማውን የፍሳሽ ሽታ ከሳሎናችን የምትለየው። የሰዓት ሠሪ እጅ እዚህም መግባቱ ደነቀኝ።

የእኛ ቤት ወደ ወለል ስለ ሆነ ‹‹ኤስ›› አልሁ። ቁመቱ 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ያማረ፣ ነጭ መቀመጫ መረጥሁ። የወር ደመወዜ ግማሽ ሄደ። ነጋዴው ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ልጠይቀው ይገባ የነበረው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነበር፤ የመቀመጫው መውጫ ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው ወደ ወለሉ የሚወርደው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ቁጥብ፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። አሮጌውን ዙሪያውን በመሮ ፈልፍሎ አነሣውና ወለሉ ላይ ያለውን የቧንቧ አፍ አሳየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የውጭ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ግራጫ ፒቪሲ ነው፤ ጨለማ፣ ክብ፣ ዝም ያለ። ልጁ ሜትሩን ከግድግዳው ላይ አስነሥቶ እስከ ቧንቧው እምብርት ለካ፤ 25። አዲሱን መቀመጫ አጋድሞ ከጀርባው እስከ መውጫው ለካ፤ 30። ደግሞ ለካ። ከዚያ ተረከዙ ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ብሎ አየኝ።

‹‹ጋሼ፣ አይገናኙም።››

አልተረዳሁትም ነበርና በእጁ አሳየኝ። መውጫውን በቧንቧው ልክ ካስቀመጥነው የውሃ ሳጥኑ ጀርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ውስጥ መግባት አለበት። ግድግዳውን አስጠግተን ካቆምነው ደግሞ መውጫው ቧንቧውን አምስት ሴንቲ ሜትር አልፎ ግማሽ ጎኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያርፋል።

‹‹እና ምን ይሻላል?››

‹‹ወይ ዕቃውን ይቀይሩት። ወይ ደግሞ ታች ቤት አስፈቅደን ቧንቧውን ከሥር ቆርጠን በትክክል እናሠራው። የእርስዎ ቧንቧ የሚሄደው በእነርሱ ጣሪያ ሥር ነው።››

‹‹ሌላ መላ የለውም?››

ጥቂት ዝም አለ። ‹‹በሲሚንቶ ላስይዘው እችላለሁ። ግን አላምነውም።››

አንባቢ ሆይ፣ ጊዜውን አስብልኝ። ቅዳሜ ነው፤ አሥር ሰዓት አልፏል። መደብሮቹ ቢዘጉ እስከ ሰኞ አይከፈቱም። እናቴ በማግስቱ እሑድ ጧት ከሆስፒታል ትወጣለች። ወለሉ ላይ ያለው ቀዳዳ አፉን ከፍቷል። ሰበቤ ብዙ ነበር፤ ሁሉም እውነት ነበሩ። በምሠራበት ባንክ የዕለቱ ሒሳብ 1 ብር ቢጎድል፣ 1 ብርም ቢተርፍ፣ ጉድለቱ ወይም ትርፉ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ገንዘብ ከፋዩ ወደ ቤቱ አይሄድም። በዚህ ሕግ ተገዝቼ አሥር ዓመት ያህል አገልግያለሁ። ያን ቀን ግን፣ ‹‹በሲሚንቶ አስይዘው›› አልሁት።

ልጁ የቧንቧውን ከንፈር በአንድ ጎኑ የጨረቃ ቅርጽ አድርጎ ቆረጠና መውጫውን ከቧንቧው ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ቦይ ከሲሚንቶ አበጀ። አዲሱን መቀመጫ በውሃ ልክ አመዛዝኖ አቆመው። ዙሪያውን በነጭ ሲሚንቶ ለሰነው። ሲጨርስ እንደ ሙሽራ ወንበር ነበር የሚያምረው። እናቴ በማግስቱ ምሽት በሁለት ክራንች ተደግፋ ገብታ ስትወጣ፣ ‹‹እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ዳኛ ነበር የሚቀመጥ›› አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ታች ቤት ልውረድ። ከእኔ በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ይኖራሉ። ብቻቸውን ናቸው፤ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ‹‹እትዬ፣ እንደምን አሉ?›› ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ›› ከመባባል ያለፈ ቅርበት አልነበረንም። እናቴ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ግን በትልቅ ፔርሙዝ አጥሚት ይዘው ሊጠይቋት ወጡ። ሁለቱ ሴቶች ወዲያው ተግባቡ። ስለ ጉልበት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወሩ። እኔ ቡና እያቀረብሁ ነበር። እናቴ ስለ ስብራቷ አንሥታ ስትማረር መምህርቷ እጃቸውን በጭናቸው ላይ አጣጥፈው እንዲህ አሉ።

‹‹ምን ይደረጋል፣ እመቤቴ፤ ከላይ የመጣን ነገር ዝም ብሎ መቀበል ነው።››

‹‹አሜን›› አለች እናቴ።

‹‹አሜን›› አልሁ እኔም።

በዚያው ሰሞን ሌሊት ሌሊት አንድ ድምፅ መስማት ጀምሬ ነበር። ሰፈሩ ሲተኛ፣ ውሾቹ ሲደክማቸው፣ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ ጠብ… ጠብ… ይላል። ከሽንት ቤቱ አቅጣጫ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧዎቹን ሁሉ ፈተሽሁ፣ አንዱም አያንጠባጥብም። ወለሉ ደረቅ ነው። እኔ ደግሞ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ! ድምፁን ለምን እንደ ሆነ ሳልመረምር ወደ ስሜት መነዘርሁት። ‹‹የሌሊት ጠብታ›› የሚል አሥራ ሁለት ስንኝ ጻፍሁ። ስለ ብቸኝነት ነበር፤ ጊዜ በሰው ልብ ላይ ስለ መንጠባጠቡ ነበር። ጥር መጀመሪያ ላይ ጓደኞቼ ባዘጋጁት የግጥም ምሽት አነበብሁት። ተጨበጨበልኝ። አንዲት ሴት ከጓደኛዋ ጀርባ ቀስ ብላ ዓይኗን ስታብስ አይቻለሁ፤ ይህን የምጽፈው እየተቀጣሁ ነው።

የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። የባንክ ሰው ነው ተብሎ መሆኑ ነው። በየወሩ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ እየዞርሁ እሰበስባለሁ። በጥር አጋማሽ የመምህርቷን በር አንኳኳሁ። ‹‹ግባ፣ ልጄ፣ ቦርሳዬን ላምጣ›› ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በመተላለፊያው ቆሜ ስጠብቅ ወለሉ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ጃንጥላ አየሁ። እርጥብ ነበር። ጫፉ ላይ ውሃ አቅርሯል።

ጥር ነው። ሰማዩ ለሳምንታት አንድ ደመና አላየም። 

‹‹እትዬ፣ ጃንጥላው ምን ሆኖ ነው?››

‹‹አጥቤው ነው›› አሉ ከውስጥ፤ ትንሽ ፈጠን ብለው።

በዚያች ቅጽበት ድምፁን ሰማሁት። ጠብ። በግራዬ ካለው፣ ገርበብ ካለው በር በስተጀርባ። ያው ድምፅ ነው፤ ግን ከሩቅ አይደለም፤ ክንዴን ብዘረጋ ከምነካው ርቀት ነው። ሳላስፈቅድ በሩን ገፋሁት። ከጣሪያው ሥር የእኔ ቧንቧ ተጋድሟል፤ ግራጫው፣ የማውቀው። ከወለሌ ወርዶ ወደ ጎን በሚታጠፍበት፣ ባለሙያዎቹ ጎሚቶ በሚሉት ዘንድ፣ ጣሪያው የደረቀ የሻይ መልክ ባለው ክብ ረጥቧል። ከሥሩ፣ ልክ ከመቀመጫቸው ጎን፣ ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲው እስከ እኩሌታው ሞልቷል። በምን እንደ ሞላ ለመናገር ብዕሬ አይደፍርም።

ዘወር ስል መምህርቷ ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። በገዛ ቤታቸው ሽንት ቤት ሲገቡ ጃንጥላ ይዘረጋሉ ማለት ነው። ስንት ቀን? ከገና በፊት ጀምሮ።

‹‹ለምን አልነገሩኝም?›› አልሁ። ድምፄ እንደ ቁጣ ወጣ፤ ሰው ሲያፍር እንዲህ ነው።

‹‹እናትህ ሕመምተኛ ናቸው›› አሉ። ‹‹ብነግርህ ትነቅለዋለህ። ብትነቅለው የት ሊሄዱ ነው? ክራንቻቸውን ሲጥሉ ነው ብዬ መጠበቄ ነበር።››

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። መዋጮውንም ሳልቀበል ነው የወጣሁት። ደረጃውን ስወጣ፣ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው እርከን ላይ፣ ያ አጥሚት ይዘው የመጡ ዕለት የተናገሩት ቃል ትዝ አለኝ። ከላይ የመጣን ነገር ዝም ብሎ መቀበል ነው። እኔና እናቴ ሰሙን ይዘን አሜን ብለናል። ወርቁ ባልዲ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ፣ ያን ጊዜ ሆን ብለው ተናግረውት እንደ ሆነ ጠይቄአቸው አላውቅም። ልጠይቅ ፈልጌ የፊታቸውን ፈገግታ ሳይ እተወዋለሁ።

ያን ማታ አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ለሚኖረው የእህቴ ባል ደወልሁ። በቤት ጥገና ነው የሚተዳደር። ታሪኩን ሰምቶ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ ‹‹ሰሙን አድርጋችሁበታል?›› የሚል ነበር። የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ለካ አሜሪካ ውስጥ መቀመጫው ከወለሉ ጋር ሲገጠም በመካከሉ የሰም ቀለበት ይደረጋል፤ የመቀመጫው ክብደት ሲያርፍበት ሰሙ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል፤ ውሃም ሽታም አያሳልፍም። የእኔ ወለል ግን ሰሙን የሚቀበልና ከመቀመጫው ጋር በቡሎን የሚታሰር ቀለበት የለውም፤ ባዶ ቧንቧ ነው። ‹‹እንግዲያስ ሲሚንቶ በፕላስቲክ ላይ አይዝም›› አለኝ። ‹‹ደርቆ ሲሸበሸብ በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት ትተዋለች። ውሃ ደግሞ ፀጉር የምታህል ቀዳዳ ይበቃዋል።››

የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ በማግስቱ መጣ። ‹‹ነግሬዎት ነበር›› አላለኝም። ቢለኝ በቀለለኝ። መቀመጫውን ወስደን እንለውጠው ብዬ ነጋዴውን ደውዬ ጠይቄው ነበር፤ ሲሚንቶ የነካው ዕቃ አይመለስም አለኝ፤ አልፈርድበትም። ስለዚህ መቀመጫው ሳይሰበር መነሣት ነበረበት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ልጁ ዙሪያውን እንደ ጥርስ ሐኪም በትንሹ፣ በትንሹ እየፈለፈለ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ። ሲነሣ ያ የሲሚንቶ ቦይ ታየ። ግማሹ ተሸርሽሮ ሄዷል። የቀረው በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ ብስኩት ይፈረፈር ነበር። ውሃው በቧንቧውና በወለሉ መካከል ሰርጎ መንገዱን አግኝቷል።

ቀሪው ሥራ መምህርቷ ቤት ነበር። ልጁ መሰላል አቁሞ ጎሚቶውንና ከንፈሩ የተቆረጠውን አጭር ቧንቧ ከሥር ቆርጦ አወጣ። እኔ ባልዲ ያዥ ሆንሁ። አዲሱን ሲገጥም ነገሩን ሁሉ እያሳየ አስተማረኝ፤ ምናልባት ሁለተኛ እንዳልሳሳት ብሎ ይሆናል። የቧንቧ መገጣጠሚያ ወንድና ሴት አለው። የላይኛው ወንድ ሆኖ ወደ ታችኛው ሆድ ይገባል እንጂ የታችኛው ወደ ላይኛው አይገባም። የቆርቆሮ ክዳን የላይኛው ጫፍ በታችኛው ላይ እንደሚደረበው ማለት ነው፤ ውሃ ሲወርድ የሚያደናቅፈው ጠርዝ እንዳያገኝ። ወደ ጎን የሚሄደው ቧንቧ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ተዳፋቱ ከጠፋ ቆሻሻው ይቆማል። ይህን ሁሉ ሲናገር መምህርቷ ከበሩ ሆነው ያዳምጡ ነበርና፣ ‹‹ይህንንማ እኔም በወንዝ አስተምሬዋለሁ›› አሉ።

ከላይ ደግሞ ልጁ ከመርካቶ ፈልጎ ያመጣው፣ ወደ ጎን የተዘረጋ ማገናኛ ገባ። ላይኛው አፉና ታችኛው አፉ አንድ መሥመር ላይ አይደሉም፤ በመካከላቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። በዙሪያው የጎማ ከንፈር አለው፤ ጎማው በቧንቧው ውስጥ ተጨንቆ ይዘጋል። በእጄ ይዤ አገላበጥሁት። ዋጋው ለልጁ በመጀመሪያው ቀን ከከፈልሁት የድካም ዋጋ ያነሰ ነበር። ያን ቅዳሜ ማታ ግማሽ ሰዓት ፈልጌው ቢሆን ኖሮ…

ሲሊኮኑ እስኪደርቅ አንድ ሙሉ ቀን መቀመጫው መነካት አልነበረበትም። እናቴ ደረጃ መውረድ አትችልም። አንድ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቀድደን ከሥሩ ፖፖ አደረግንላት፤ መድፊያው ደግሞ መምህርቷ ቤት ሆነ። ያን ቀን አምስት ጊዜ፣ የተከደነ ፖፖ ይዤ፣ የባንክ ቤት ሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ፣ አንድ ፎቅ ወርጄ ወጥቻለሁ። ደረጃ ላይ የተገናኙኝ ጎረቤቶች ሰላምታ ሲሰጡኝ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፍቶኝ ነበር። መጀመሪያ ስመለስ እናቴ አየችኝና፣ ‹‹ምን አቀረቀረህ? አንተንም ሁለት ዓመት ጠርጌሃለሁ፤ ለማንም አላወራሁም›› አለችኝ።

የፍተሻው ሐሳብም የእርሷ ነው። ውሃ በንጹሑ ብናፈስስ የሚያንጠባጥበው የድሮው እርጥበት ይሁን አዲስ እንዴት ይታወቃል? ‹‹ቀይ ሥር ቀቅል›› አለች። ሁለት ኪሎ ቀቅዬ ውሃውን በባልዲ አቀረብሁ። ያን ቀን ደግሞ ፈረቃው የእኛ ስላልነበር ቀሪውን ከሮቶ ቀዳሁ። ልጁ ታች ወርዶ መሰላሉ ላይ ወጣ። መምህርቷ የእጅ ባትሪ ያዙ። እኔ ባልዲውን አዘንብዬ ያን እንደ ደም የቀላ ውሃ አንድ ጊዜ ለቀቅሁት፤ ተሽከርክሮ ወረደ። ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጠፍሁ። ዝም። ሁለተኛ ባልዲ። ዝም። የራሴን የልብ ምት ስሰማ ከሥር የመምህርቷ ድምፅ መጣ። ሠላሳ ዓመት የመማሪያ ክፍል የመራ ድምፅ ነው፤ ሲሚንቶ አይገድበውም።

‹‹ምንም የለም! ድገመው!››

ደገምሁት። ሦስተኛ፣ አራተኛ። በአምስተኛው፣ ‹‹ይበቃል፣ ቀይ ሥሩን ለሰላጣ ተዉልን!›› ብለው ጮኹ፤ ልጁ ሲስቅ ተሰማኝ። እናቴም ከሳሎን።

ጣሪያቸውን በሚቀጥለው እሑድ ራሴ ቀባሁት። ሁለት ጊዜ ተቀብቶም የሻይ መልክ ያለው ክብ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ሦስተኛ ልቀባው ስል፣ ‹‹ተወው፣ የማን ቧንቧ እንደ ሆነ አልረሳ›› አሉኝ። ‹‹የሌሊት ጠብታ›› የሚለውን ግጥም አልቀደድሁትም። ከሌሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በግጥም ምሽት እንዳነበው በተጠየቅሁ ቁጥር ግን ሌላ እመርጣለሁ።

ያልተቀበልሁትን የጥር መዋጮ መምህርቷ ራሳቸው ይዘው ወጡ። ደረሰኝ ጻፍሁላቸው። ገንዘቡን ቆጥሬ ሳበቃ አልሄዱም።

‹‹ልጄ፣ ይህን ሽንት ቤት ከሥሩ ብቻ ነው የማውቀው። ልየው?››

በሩን ከፈትሁላቸው። ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ቁመቱን በዓይናቸው ለኩ። ክዳኑን ዝቅ አድርገው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንደ ፈተና ተቀመጡበት፤ ያለ ድካምም ተነሡ። የእርሳቸውም ጉልበት ደህና እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት።

‹‹ከየት ገዛኸው?››

‹‹ተክለ ሃይማኖት ነው። ግን እትዬ፣ ከመግዛትዎ በፊት ከግድግዳው እስከ ቧንቧው መለካት አለብን።››

‹‹ተለክቶ ገብቶበታል እኮ፤ መቀመጫው ቧንቧውን ደብቆታል። እንዴት ይታያል?››

እውነታቸውን ነው። የእኔን ቧንቧ ማየት የሚቻለው በእርሳቸው ጣሪያ ሥር ነው። የእርሳቸው ደግሞ አንድ ፎቅ ወረድ ብሎ ነው። ሜትሬን ከመሳቢያ አውጥቼ ኪሴ ከተትሁ፤ እርሳቸው የእጅ ባትሪያቸውን ያዙ። ደረጃውን በዝግታ፣ እጀታውን ይዘው፣ እኔ አንድ እርከን ቀደም ብዬ፣ ወርደን የአንደኛ ፎቁን ነዋሪ በር አንኳኳን።